ጋሽ ጠርጥርና ጭብጨባው

የገበያችን ሚዛን ጠጋኝ ሰው አያምንም። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ ራሱም ይኮራበታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚጠራው የለም፤ ለሁላችንም ጋሽ ጠርጥር ነው። ገንፎም ውስጥ ስንጥር አለ የሚባለውን ተረት ሰው ሁሉ እንደ ቀልድ ሲያወራው፣ እሱ ግን ስንጥሩን በእጁ ያወጣ ይመስል በቁም ነገር ራሱን ይነቀንቃል። የሰፈር ልጅ ቆም ብሎ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ቢለው፣ ዙሪያውን ቃኝቶ «ማን ላከህ?» ነው መልሱ።

ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው። ዕድሜውን በሙሉ የሰው ሚዛን ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ከሳህን ሥር የተለጠፈ ሰም አይቷል። ሆዱ ተቦርቡሮ በቡሽ የተደፈነ የኪሎ ብረትም አይቷል። ሚዛን ሲመጣለት ባለቤቱ ችግሩን ሳይናገር ገልብጦ ከሥሩ ያያል። «ላዩማ ሁሌም ልክ ነው» ይላል። እኔ ከጎኑ ሽንኩርት እሸጣለሁ፤ የሁለታችንም ጣራ ያረፈው በአንድ ምሰሶ ላይ ነው። ያም ሆኖ በየሰሞኑ ሚዛኔን ሳያስፈቅደኝ አንስቶ ይገለብጠዋል።

«ጋሼ፣ እኔንም?» ብዬ ተቆጥቼው አውቃለሁ።

«አንቺን አይደለም፤ ሚዛንሽን ነው» አለኝ። ሲለኝ ግን የሚያየው እኔን ነበር።

ሚስቱን እታለም እንላታለን። ከእኛ ፊት ለፊት እንቁላል ትሸጣለች። «እኔንም ሲያገባኝ እንደ እንቁላል በብርሃን አሳልፎ አይቶኝ ነው» እያለች በሳቅ ትገድለናለች። ልጅ አልወለዱም። የእሷን ታናሽ ወንድም ከትንሽነቱ ጀምሮ አሳድገውታል፤ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ ያደረጉትም እነሱ ናቸው። አሁን የዱቄት ፋብሪካው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት። ጋሽ ጠርጥር በዚህች ምድር ላይ ገልብጦ የማያየው ሰው ቢኖር ይህ ሾፌር ብቻ ነበር።

ስለ ፋብሪካው መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ስለሚመዘዝ። ወጣት ሳለን ዱቄት ከሩቅ ነበር የሚመጣው፤ ያውም ነቀዝ ቀድሞን በልቶት። ገበያተኛው ተሰብስቦ አክሲዮን ገዛና የራሱን ወፍጮ ተከለ። ያ ወፍጮ አድጎ ዛሬ ጭስ ማውጫው ከሩቅ የሚታይ ኩባንያ ሆኗል። መሪዎቹ ከረባት አሳሪዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ሽንኩርት ተሸክሞ የሚያውቅ አንድም የለም። አክሲዮኑ ግን በአብዛኛው አሁንም በእኛ እጅ ነው፤ ለእኔ ትንሽ፣ ለሥጋ ሻጩ ትንሽ፣ ለጋሽ ጠርጥርና ለእታለም ትንሽ ትንሽ ሆኖ ተበታትኗል። በዓመት አንድ ጊዜ የፋብሪካው ትልቅ መጋዘን ተጠርጎ ወንበር ይደረደርና እንጠራለን። የቦርዱ ሰብሳቢ «እናንተ እኮ የቤቱ ባለቤቶች ናችሁ!» ይለናል። ባለቤቶቹ ምሳ በልተን፣ የኩባንያው ስም የተጻፈበት ጃንጥላ ተቀብለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሌላው ነገር ጭብጨባ ነው። በጉባኤያችን እጅ ቆጥሮ ድምፅ የሰጠ ሰው አላየሁም። ሰብሳቢው «እንግዲህ ተስማምተናል?» ይላል፤ እናጨበጭባለን፤ ጸደቀ ይባላል። እኛ ደግሞ ለማንም እናጨበጭባለን። የተናገረው ባይገባንም፣ ባንስማማም፣ ሰው ቆሞ ተናግሮ አፍሮ እንዳይቀመጥ ብለን እናጨበጭባለን። ገበያተኛ ገንዘብ ቢያጣ ይሉኝታ አያጣም።

የምርጫው ሰሞን አንድ ቀጠን ያለ፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ሰው ለምክር ቤት እወዳደራለሁ ብሎ ተነሳ። ከዚያ በፊት ማንም አያውቀውም። ድንገት በየግድግዳው ፎቶው ተለጠፈ፤ ድምፅ ማጉያው ከጠዋት እስከ ማታ ስሙን ሲጠራ ዋለ። በዚያ ላይ ዱቄት ያድላል። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ጆንያ ለአረጋውያን፣ ለአቅመ ደካሞች፣ ለወላዶች በየደጁ ይወርድላቸዋል። ሰው መረቀው። «ከኪሱ አውጥቶ!» ተባለ።

«ከየትኛው ኪሱ?» አለ ጋሽ ጠርጥር። «የሚለብሰው ኮት እኮ ኪስ የለውም።»

ሰውዬው ተመረጠ። ብዙም ሳይቆይ የምክር ቤቱ ሠራተኞች ቀይ ቀለም ይዘው መጡና በገበያው ምሰሶዎች ላይ መስቀለኛ ምልክት አደረጉ። የእኔና የጋሽ ጠርጥር ምሰሶም ተቀባ። ገበያው ይነሳል፣ ቦታው ለባለሀብት ይሰጣል፣ እኛ ከወንዙ ማዶ ካለው ባዶ ሜዳ እንሄዳለን ተባለ። ከወንዙ ማዶ ሰው የለም። ለፍየል ነው ሽንኩርት የምሸጠው? እታለም እንቁላሎቿ መሀል ቁጭ ብላ አለቀሰች። ባለሀብቱ ማን እንደሆነ ግን የሚነግረን ጠፋ።

ተመራጩ ያደለው ዱቄትና የእኛ ፋብሪካ ዱቄት በጋሽ ጠርጥር ልብ እየተመዘኑ እንደነበር ያስታውቅበት ነበር። ከዚያ ዓይኑ ወደ ሾፌሩ ዞረ። ሾፌሩ ድሮ ምሽት ምሽት እነሱ ቤት ሳይደርስ አይገባም ነበር። ከምርጫው ሰሞን ወዲህ እግሩ ቀጠነ፤ ሲመጣም መሬት መሬት ያያል።

«ሰሞኑን ጭነትህ ወዴት ነው?» አለው አንድ ቀን፣ እኔም እየሰማሁ።

«ወደተላክሁበት ነዋ፣ ጋሼ።»

«የተላክህበት ስም የለውም?»

ሾፌሩ ፊቱ ፍም መሰለ። «ጋሼ፣ እንጀራዬ እኮ ነው» አለና ሄደ። ጋሽ ጠርጥር ከኋላው እያየው፣ «ምን ያለበት ዝላይ አይችልም» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤቱ አራቀው። እታለም «ወንድሜ እኮ ነው! አንተ ያሳደግኸው!» ብትለው፣ «ያሳደግሁትን አውቀዋለሁ፤ የቀጠሩትን ነው የማላውቀው» አላት። በባልና በወንድም መሀል ሆና ከሳች። እኔ በዚያ ሰሞን ጋሽ ጠርጥርን ጠልቼው ነበር።

ዓመታዊው ጉባኤ ደረሰ። ሰብሳቢው አፉ ቅቤ ነው። ሪፖርቱን ሲያነብ መሀል ላይ ፈጠን ብሎ፣ ኩባንያው ለአዲስ መጋዘን የሚሆን «በከተማው እምብርት የሚገኝ ምቹ ቦታ» እንደተፈቀደለትና ለ«ማኅበራዊ ድጋፍ» ወጪ እንደተደረገ ተናገረ። በከተማው እምብርት ያለው ቦታ የእኛ ገበያ ነው። ባለሀብቱ ለካ እኛው ነን! በገዛ ድርሻችን ከገዛ ቦታችን ልንነቀል ነው።

ጋሽ ጠርጥር ተነሳ። «ማኅበራዊ የሚባለው ሰው ማን ነው?» አለ። መጋዘኑ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ኩባንያው ለምርጫ ተወዳዳሪ የሰጠው ነገር ካለ፣ ብርም ይሁን ዱቄት፣ ለማን እንደተሰጠ በስሙ ይነበብልን። አትስጡ አላልኩም፤ ንገሩን ነው ያልኩት። የራሳችንን እጅ ራሳችን እንየው።»

መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። ሥጋ ሻጩ ቆሞ አጨበጨበ፤ እኔ መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ እስክንጨርስ ታገሰን። ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋና፣ «እጅግ ጠቃሚ አስተያየት ነው፤ በማስታወሻ ይያዛል። ሪፖርቱ ከነአስተያየቱ በዚህ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ጸድቋል። ምሳ ተዘጋጅቷል» አለ።

ጋሽ ጠርጥር እንደቆመ ቀረ። እኛ ለእሱ ያጨበጨብነውን ሰብሳቢው ለራሱ ወሰደው። ለካስ ለዓመታት ምን እንዳጸደቅን አናውቅም። ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ አፍሬ ነበር፤ ዝናብ ቢመጣ እንኳ አልዘረጋትም ብዬ ምዬ ነበር።

መጋዘኑን ለመሥራት ግን ብድር ያስፈልጋል፣ ለብድሩ ደግሞ የባለ አክሲዮኖች ፈቃድ የግድ ነው። ስለዚህ ሌላ አስቸኳይ ጉባኤ ተጠራ። ጋሽ ጠርጥር በየመደቡ እየዞረ በጆሮ ይናገር ጀመር። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እጃችሁ ከጭናችሁ አይነሳ። ማንም ይናገር፣ ምንም ይባል፣ አታጨብጭቡ። ዝም ካልን ሰብሳቢው ሳይወድ በግዱ ይቆጥረናል፤ ከቆጠረን ደግሞ እንበልጣለን።»

«ለአንተስ?» አልኩት።

«በተለይ ለእኔ!»

ያ ሰሞን ክፉ ነበር። ሁላችንም ጋሽ ጠርጥር ሆንን። ሥጋ ሻጩ በአዲሱ መጋዘን ሥር ሱቅ ተሰጥቶታል የሚል ወሬ መጣ፤ ሰላምታ ነፈግነው። ቀጥሎ ሱቁ የተሰጠው ለእኔ ነው ተባለ፤ እኔም ሰላምታ ተነፈግሁ። ዶሮ ሻጯ ከሰብሳቢው ዘበኛ ጋር ቆማ ታየች፤ ለካ ዶሮ ሊገዛት ነው። ሰው ሲስቅ ለምን ሳቀ፣ ሲያዝን ማንን ሊያታልል ነው ይባላል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ድክም ብሎኝ አያውቅም። ጋሽ ጠርጥር ግን በዚህ ሁሉ መሀል ያበበ ይመስል ነበር፤ ዓለም በመጨረሻ እሱ እንደሚያውቃት ሆነችለት።

ከጉባኤው በፊት ባለው ሳምንት፣ ገበያው ሲበተን ሾፌሩ መጣ። ኮፍያውን በእጁ እያፍተለተለ ከሚዛኖቹ ፊት ቆመ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነበር» አለ።

ጋሽ ጠርጥር ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ለማንም ንገር። በጎን ምን እንደምንዶልት ልትሰማ ከሆነ፣ እዚህ የሚሰማ የለም።»

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ልመና ነበረበት። እኔ ሽንኩርቴን መልቀም ያዝኩ። እሱም ኮፍያውን አጥልቆ ሄደ። እታለም ዕቃዋን ስትሸክፍ ሁሉንም አይታለች፤ ባሏ ስለ ጭብጨባው ምክር ለወንድሟ ትንፍሽ እንዳትል አስምሏት ስለነበር አልጠራችውም።

የጉባኤው ቀን መጋዘኑ ጢም አለ። ከፊት ረድፍ ከረባቶቹ ተቀምጠዋል፤ ድዳሙ ተመራጭ ራሱ በክብር እንግድነት መጥቷል። ሰብሳቢው ስለ ዕድገት ተናገረ፣ ስለ ልጆቻችን ነገ ተናገረ፣ ድምፁ ማር ማር አለ። «ለዚህ ታላቅ ዕቅድ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አለ።

የፊት ረድፉ አጨበጨበ። ከኋላው ምንም የለም። ያ ትንሽ ጭብጨባ ብቻውን መሆኑ ሲገባው እየሳሳ ሄዶ ሞተ። ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን መታ መታ አደረገ፤ የተበላሸ መስሎታል።

«ይሰማል» አለ ጋሽ ጠርጥር ተነስቶ። «ብድሩን ከመፍቀዳችን በፊት ያለፈው ጥያቄዬ ይመለስ። ለተመራጩ ምን ተሰጠ?»

ሰብሳቢው ቅቤው ቀለጠ። «ኩባንያችን ለማንም ፖለቲከኛ ሰባራ ሳንቲም አልሰጠም!» አለ። «ማስረጃ አለህ? ካለህ አሁን አምጣ። ከሌለህ ጠበቃችን እዚሁ ተቀምጧል፤ ስም ማጥፋት ያስጠይቃል።»

ጋሽ ጠርጥር ምንም አልነበረውም። ጥርጣሬ እንጂ ምን ነበረው? ሊቀመጥ ወንበሩን በእጁ ሲፈልግ፣ ከኋላ በር በኩል «እኔ አለኝ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሾፌሩ ነበር። ወንበር ሲያመላልስ ስለዋለ የኩባንያውን ቱታ እንደለበሰ ነው።

«ባለ አክሲዮን ያልሆነ ሰው አይናገርም!» አለ ሰብሳቢው።

እታለም ብድግ አለች። በጉባኤ አፏን ከፍታ አታውቅም። «እኔ ባለ አክሲዮን ነኝ» አለች። «የመናገር ተራዬን ለወንድሜ ሰጥቻለሁ። ይናገር።»

ሾፌሩ እስከ መሀል ድረስ መጣ። ማይክሮፎን አልሰጡትም፤ አላስፈለገውም። «የምርጫውን ሰሞን በሙሉ ዱቄት የጫንኩት ከዚህ መጋዘን ነው» አለ። «ስም የሌለው ጆንያ ውስጥ እያስገለበጡ፣ ከተመራጩ ወንድም ግቢ አራግፍ ነበር። ያዘዙኝ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። ሐሰት ከሆነ በልጆቼ ፊት ልፈር። እንጀራዬ ነበርና ዝም ብዬ ቆየሁ። የእህቴ መደብ ላይ ቀይ ቀለም ሳይ ግን እንቅልፍ አጣሁ።»

ተመራጩ ድዱን ከደነ። የመጋዘኑ ሰው ሁሉ እጁ ከጭኑ ተነሳ፤ የእኔም ተነሳ። በዚያች ቅጽበት ጋሽ ጠርጥር ዞረና በዓይኑ ብቻ ገረፈን። እጆቻችን አየር ላይ ቀሩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወረዱ። ሰብሳቢው ይህን አየ። ብልጥ ነው፤ ምንም ይሁን ምን አንድ ጭብጨባ እንደሚበቃው ያውቃል። ፈገግታውን መለሰና፣ «ምነው? ለዚህ ጀግና ወንድማችን አናጨበጭብለትም?» አለን።

ማንም አልተነቃነቀም። ሾፌሩ በመሀላችን ቆሞ ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። ለማንም የምናጨበጭብ ሰዎች መሆናችንን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ዶሮ ሻጯ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨምራ ታለቅሳለች፤ እሱ ግን ከቆመበት አያያትም። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፣ ከሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና በመጣበት በር ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሰብሳቢው ሳይወድ በግዱ አስቆጠረ። ብድሩ ወደቀ። ኩባንያው ለማንኛውም ተወዳዳሪ የሚሰጠው ነገር ሁሉ ከእንግዲህ በየጉባኤው በስም እንዲነበብ ተወሰነ። ተመራጩ ቆጠራው ሳያልቅ ወጥቶ ነበር። ቀዩ ቀለም ዛሬም ምሰሶአችን ላይ አለ፤ እኛም ከሥሩ አለን።

ጉባኤው እንዳበቃ ጋሽ ጠርጥር፣ እታለምና እኔ እየሮጥን ከሾፌሩ ቤት ሄድን። ደጁ ላይ ተቀምጦ የሥራ ጫማውን እየፈታ ነበር። ጋሽ ጠርጥር ገና ሳይደርስ ማውራት ጀመረ። «ብድሩ ወደቀ! ስማኝ ልጄ፣ ያላጨበጨብነው እኮ ተማክረን ነው። ካጨበጨብን ጸደቀ ሊለን ነበር። ለማንም እንዳናጨበጭብ ቀድመን ተነጋግረን ነው እንጂ ለአንተማ...»

ሾፌሩ ክሩን ይዞ ቀና አለ። «ቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ነበር?»

«አዎ።»

«ሥጋ ሻጩም ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«እህቴስ?»

እታለም ፊቷን አዞረች። ጋሽ ጠርጥር «አዎ» አለ። ድምፁ አልወጣም፤ ከንፈሩን አይቼ ነው ያወቅሁት።

ሾፌሩ ጫማውን አወለቀ። ተነስቶ ከቤት ወንበር አመጣና ለጋሽ ጠርጥር አቀረበለት። ሽማግሌው ወንበሩን ገልብጦ ሳያይ ተቀመጠ። ሾፌሩ ግን አብሮት አልተቀመጠም፤ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።